ከሆሴፕ ቤት ዋጋ የሚቀረው ብር

በአንድ ወቅት፣ ጎርባ በምትባል የንግድ ከተማ፣ ሆሴፕ የሚባል፣ እንደ ውጭ አገር ሰው «ሙሴ» እየተባለ የሚጠራ አርመናዊ ኮርቻ ሰፊ ይኖር ነበር። ሚስቱን እዚያው ቀብሮ አንድ ልጁን ቫርታንን ብቻውን አሳደገ። ልጁ ጎልምሶ ቆዳ ሊገዛ ቆላ እንደ ወረደ ሽፍቶች ያዙት። «አዲሷ ጨረቃ ሳትወጣ ብሩ ካልደረሰን ሬሳውን ትወስዳለህ» ብለው ለአባቱ ላኩበት። የጠየቁት ገንዘብ የሆሴፕን ቤት ሙሉ ዋጋ ያህል ነበር።

ጎርባ ደግሞ አንድ ሕግ ነበራት። የውጭ አገር ሰው ቤቱን ሸጦ ግብሩን ሳይከፍል እንዳይሄድ፣ ገዢው ከዋጋው አንድ አምስተኛውን አስቀርቶ በሻጩ ስም ለግምጃ ቤት ያስገባል። በዓመቱ መጨረሻ ሒሳቡ ይታይና ከግብሩ የተረፈው ለሻጩ ወይም ለወራሹ ይመለሳል። ገዢው ሳያስቀር ከከፈለ ግን ዕዳው የራሱ ነው።

ቤቱን የገዛችው እልፍነሽ የምትባል፣ ባሏ የሞተባት ቅቤ ነጋዴ ናት።

«ወይዘሮ እልፍነሽ፣ አምስተኛው ከጎደለ ልጄን አይሰጡኝም» አላት ሆሴፕ።

«ሕጉን ያውቁታል፣ ሙሴ ሆሴፕ።»

«አውቀዋለሁ።»

የብር ሣጥኗን ከፈተች። ከዚያ ምንም ሳታስቀር ሁሉንም ቆጥራ ሰጠችው። ወሬው ከግምጃ ቤቱ ሹም ጆሮ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀም። «ማዘንሽን ማንም አልከለከለሽም፤ ማስቀረት ግን ነበረብሽ» አላት። ዕዳው እስኪከፈል ቤቱን መልሳ እንዳትሸጥ ታገደች። ላሞቿን ሸጠች፤ አልበቃም። ትልቋን ልጇን ሩቅ አገር ለአንድ ባለጠጋ ገረድ አድርጋ አስቀጠረቻትና የዓመታት ደመወዟን አስቀድማ ተቀብላ ከፈለች። ልጅቷ ስትሄድ አላለቀሰችም፤ እናቷን ቀና ብላም አላየቻትም።

ሆሴፕ ብሩን በተቀበለ ዕለት ግን፣ ለሽፍቶቹ ለማድረስ ከበቅሎ ነጂው ከሲራጅ በቀር የደፈረ አልተገኘም።

«ሙሴ፣ በሕይወት ብመለስ ምን አገኛለሁ?» አለ።

«አሁን እጄ ባዶ ነው። ከግምጃ ቤት የሚመለስልኝ ብር ግን ያንተ ነው» ብሎ ሆሴፕ በሽማግሌዎች ፊት ማለለት። እልፍነሽ ምንም እንዳላስቀረች አልነገረውም። ሲራጅም የውጭ ሰው ቤቱን ሲሸጥ ምን ያህል እንደሚቀር ያውቅ ነበርና አምኖት ሄደ።

ሽፍቶቹ ብሩን ተቀብለው ቫርታንን ለቀቁት፤ ጥቂት ከራቁ በኋላ ግን ከኋላ ተኮሱባቸው። በቅሎዋ ወደቀች፤ የሲራጅ ጉልበት ተሰባበረ። ቫርታን ጥሎት መሮጥ ይችል ነበር። በረሃብ የከሳ ቢሆንም በጀርባው አዝሎት ከቆላው ወጣ። ወጌሻው የሲራጅን እግር ከጉልበቱ በላይ ቆረጠው። ቫርታንም ከተማ ሲገባ አባቱን በሕይወት አላገኘውም፤ በተከራየው ጎጆ ውስጥ፣ ልጁ ይሙት ይዳን ሳያውቅ ሞቶ ተቀብሯል።

በዓመቱ መጨረሻ ሒሳቡ ታየ። ግብሩ የሚታሰበው በትርፍ ላይ ነው፤ ሆሴፕ ደግሞ በጭንቀት የሸጠው ቤቱን ለመሥራት ካወጣው ባነሰ ዋጋ ስለሆነ ምንም ግብር አልነበረበትም። ከእልፍነሽ የተወሰደው ብር ሙሉ በሙሉ እንዲመለስ ተወሰነ፤ መዝገቡ ላይ ያለው ግን የሆሴፕ ስም ነበር። እልፍነሽ፣ ሲራጅና ቫርታን ሦስቱም ዳኛ ፊት ቀረቡ።

«ብሩ የወጣው ከእኔ ጓዳ ነው» አለች እልፍነሽ። «ልጄ ታማለች ብለው ልከውብኛል። ደመወዟን መልሼ ላምጣት።»

«ሟቹ በሰው ፊት ምሎልኛል» አለ ሲራጅ በምርኩዙ ተደግፎ። «በቅሎዬ ሞታለች፤ እግሬም የለም። ልጆቼን በምን ላብላ?»

ቫርታን እጆቹን ዘረጋ። የታሰሩበት ገመድ አሽመድምዷቸው ጣቶቹ አይታጠፉም። «በእነዚህ ኮርቻ አልሰፋም። አባቴ ቤቱን የሸጠው ለእኔ ነው፤ ሕጉም ለሻጩ ወይም ለወራሹ ይላል። የእናቴ ወገኖች ባሕር ማዶ ናቸው፤ መርከብ የምሳፈርበት ሌላ የለኝም።»

«ብትካፈሉትስ?» አለ ዳኛው።

«የልጄ ጌታ ጎዶሎ አይቀበልም» አለች እልፍነሽ። ሲራጅ ለእሷ ሊተውላት ያሰበ መሰለና አፉን ከፈተ፤ ከበር የቆሙትን ልጆቹን ሲያይ ግን መልሶ ዘጋው።

ዳኛው ፍርዱን አሳደረ። እስኪ እናንተ በወንበሩ ተቀመጡና ፍረዱ፦ ያ ብር ለማን ይገባል?