የመጠለያው በር ቁጥር

አንዲት ሴት ነበረች። ዕድሜዋ ከሰባ ያለፈ፣ እግሯን የሚያማት፣ ባሏ የሞተባት ሴት። ተወልዳ ያደገችው ጎንደር ነው፤ ቤተ እስራኤል ናትና በጎልማሳነቷ ወደ እስራኤል ሄደች። ስሟን እናኑ እንበላት። የምትኖረው አይሁድና ዓረብ ተቀላቅለው በሚኖሩበት ከተማ፣ አንድ አሮጌ ፎቅ ውስጥ ነው። ፊት ለፊቷ ሂያም የምትባል ፍልስጤማዊት ልብስ ሰፊ አለች።

እናኑ ሰንበት አክባሪ ናት። ዓርብ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ መብራት አታበራም፣ አታጠፋም። ሌላውን ሰው “አብራልኝ” ማለትም አይፈቀድላትም። ታዲያ ምን ታደርጋለች? በሯን ትከፍትና ለራሷ እንደምታወራ ሆና “ዛሬ ቤቱ ጨለመ እኮ” ትላለች። ሂያም ትሰማለች። መጥታ ማብሪያውን ቀጭ አድርጋ ትመለሳለች። ዐሥራ አንድ ዓመት እንደዚህ ኖሩ። ትሰሙኛላችሁ? ዐሥራ አንድ ዓመት!

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። የእናኑ የእህት ልጅ በመጀመሪያው ቀን ተገደለ። የሂያም እህት ጋዛ ውስጥ ከነልጆቿ ፍርስራሽ ተጫናት። ሁለቱ ሴቶች ኮሪደሩ ላይ ተገናኙና ተቃቅፈው ተላቀሱ።

ወንዶቹ ግን አላለቀሱም። ወንዶቹ ስብሰባ ጠሩ።

የፎቁ ኮሚቴ ሰብሳቢ የእናኑ ልጅ ይርጋ ነው። ሮኬት ሲመጣ ሁሉም የሚሸሸግበት አንድ መጠለያ አለ፤ በዚያ በር ላይ ቁጥር እየተጫኑ የሚከፍቱት የኤሌክትሪክ ቁልፍ አስገጠሙ። ቁጥሩ ለአይሁድ ነዋሪዎች ብቻ ተሰጠ። ለምን? “ምን ይታወቃል?” ነው መልሳቸው። ምን ይታወቃል! አንተ ሰውዬ፣ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የእናትህን ቤት መብራት ያበራች ሴት ምኗ ነው የማይታወቀው?

እናኑስ ምን አለች? ምንም። አትቆጡኝ፣ በእሷም ተናድጃለሁ። ልጇ ቁጥሩን በጆሮዋ ሲነግራት “ለሂያምስ?” አላለችም። ቁጥሯን ይዛ ቁጭ አለች። ሳይረን ሲጮኽ እሷ መጠለያ ትገባለች፣ ሂያም ደረጃው ሥር ትኮራመታለች። እናኑ አላየሁም ብላ ታልፋለች።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት የፎቁ አይሁድ ሁሉ ምኩራብ ሄዷል። እግሯ ስለታመመ እናኑ ብቻዋን ቀርታለች። ሳይረኑ ጮኸ። እየተንፏቀቀች መጠለያው በር ደረሰች። ነፍስ ለማዳን ሰንበት እንደሚሻር ታውቃለች። እጇ ግን ሰባ ዓመት በሰንበት ማብሪያ ነክቶ አያውቅም። ቁጥሩን ተጫነች። ሳተች። እንደገና ሳተች።

አይ የኮሚቴው ብልጠት! በሰንበት ኤሌክትሪክ የማይነኩ ሰዎች ነፍሳቸውን በሚያድን በር ላይ የኤሌክትሪክ ቁልፍ ይገጥማሉ፤ ከዚያ ፎቅ በሰንበት መብራት የምታበራላቸውን አንዲት ሴት ደግሞ ውጭ ያስቀራሉ!

እናኑ በለመደችው አፍ “በሩ እምቢ አለ እኮ” አለች።

ሂያም ከደረጃው ሥር ዘላ ወጣች። “ዛሬስ በግልጽ ተናገሪ! ቁጥሩ ስንት ነው?”

“ሰባት! ሁለት! ሁለት! ዘጠኝ!”

ሂያም ተጫነችው፤ ተከፈተ። አሮጊቷን ጎትታ አስገባቻት። ሮኬቱ ከጀርባው መንገድ ላይ ወደቀና የፎቁ መስታወት በሙሉ ሂያም ተኮራምታበት በነበረው ደረጃ ሥር ረገፈ።

ይርጋ ከምኩራብ እየሮጠ መጣ። እናቱን ሂያም ደረት ላይ ተደግፋ አገኛት። የመጀመሪያ ቃሉ ምን ነበር? “እማዬ፣ ተረፍሽልኝ” ነው? አይደለም! “ቁጥሩን ማን ነገራት?” ነበር።

እሑድ ቁጥሩ ተቀየረ።

አዎ፣ ተቀየረ! እኔም ስሰማው እንደ እናንተ ነው ያቃጠለኝ።

ረቡዕ ሳይረኑ ደግሞ ጮኸ። በዚህ ጊዜ እናኑ የፕላስቲክ ወንበሯን ይዛ ደረጃው ሥር፣ ሂያም አጠገብ ተቀመጠች። ይርጋ በሩን ይዞ “እማዬ፣ ግቢ!” እያለ ጮኸ።

“ሂያም ካልገባች አልገባም።”

“እሺ፣ ትግባ! ለዛሬ ትግባ!”

“ለዛሬ? ለዛሬ ነው ያልከኝ?” አለችው። “ሂድ፣ አንተ ግባ። እኔ ከሰው ጋር ነኝ።”

ይርጋ እናቱን አየ፤ ክፍቱን በር አየ። ወጣ። ሁለቱን ሴቶች ባንድ ላይ አቅፎ በጀርባው ከለላቸው። እላዩ ላይ ሰማዩ ሲያስገመግም ሂያም በዓረብኛ ስትጸልይ ሰማ፤ በጸሎቷ መሐል የእናቱን ስም ጠራች። ጸጥ ሲል ተነሣ። ካቻቢቴ አመጣና ያንን ቁልፍ ነቅሎ ጣለው። ኮሚቴው ጮኸበት፣ ከሰብሳቢነትም አወረደው። ይውረዳ! በሩ ግን እስከ ዛሬ ቁልፍ የለውም። ጦርነቱ አላለቀም፤ እዚያ ፎቅ ውስጥ ግን ሳይረን ሲጮኽ ደረጃው ሥር የሚቀመጥ ሰው የለም።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። አንገታችሁን አትድፉ፣ እዩኝ!

ማነው ቴሌቪዥን ፊት ቁጭ ብሎ ፎቅ ሲፈርስ ያጨበጨበው? አንዱ ለዚህኛው ወገን፣ አንዱ ለዚያኛው፣ እንደ ኳስ ደጋፊ! በፈረሰው ፎቅ ውስጥ የሂያም እህት ነበረች። ከተገደሉት መሐል የእናኑ የእህት ልጅ ነበረ። ጎል ነው የመሰላችሁ?

ሰላም ይምጣ ብላችሁ ትጸልያላችሁ። ሩቅ ላሉት መጸለይማ ምን ይከብዳል? እስቲ ስለ ራሳችሁ ሰፈር ንገሩኝ። ያኔ ወሬ ሲናፈስ ከጎረቤታችሁ ጋር ሰላምታ ያቆማችሁ የላችሁም? ቋንቋው ሌላ ነው ብላችሁ ስሙን ከዕድር መዝገብ ስትሰርዙ “ምን ይታወቃል?” ያላችሁ የላችሁም? ልጃችሁን የታመመ ቀን ተሸክሞ ጤና ጣቢያ ያደረሰውን ሰው!

ሌሎቻችሁ ደግሞ አልሰረዛችሁም። ዝም ብላችሁ አያችሁ። ቁጥሩን ይዛችሁ ቁጭ አላችሁ። ለበዓል አንድ ቀን ትጠሩትና ታረቅን ትላላችሁ። ለዛሬ! እግዚአብሔር እናንተን “ለዛሬ ግቡ” ቢላችሁ ነገ የት ልታድሩ ነው?

እንግዲህ ዛሬ እዚህ ተንበርክካችሁ እንድታለቅሱልኝ አልፈልግም። ያ የሰረዛችሁት ሰው ቤቱ የት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ተነሡ፣ ሂዱ፣ በሩን አንኳኩ። እኔ የመዝጊያውን ጸሎት የማደርገው ስትመለሱ ነው።