ዳንቴል የለበሰው ኮምፒውተር

በአንድ ወቅት፣ ለልብስ ሰፊ ሜትርና መቀስ ብቻ ይበቃዋል የሚባልበት ዘመን ካለፈ በኋላ፣ ደሴ ውስጥ ወይዘሮ የሺመቤት የሚባሉ የሠርግ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ሦስት ልጆቻቸው አስናቀ፣ ትርንጎና ልዑል አብረዋቸው ይሠሩ ነበር። የደንበኛው ልክና የጥልፉ ንድፍ ሁሉ የሚቀመጠው ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ልክ የተጻፈበት ወረቀት ወዲያው ይቀደዳል፤ ሱቁን ያዝረከርካል ብለው ያስቀደዱት ራሳቸው ወይዘሮ የሺመቤት ነበሩ።

ጥር ሊገባ ሲል፣ አንድ ሰኞ፣ ለአንድ ትልቅ ሠርግ አርባ ሰው ተለካ። ሐሙስ ኮምፒውተሩ ጠፋ፤ ቢሉት ቢሠሩት አልነሳም አለ። ጠጋኙ ከፍቶ አየና፣ ግሎ ነው የተቃጠለው አላቸው። አቧራ እንዳይነካው ብለው፣ እየሠራ ሳለ ነጭ ዳንቴል የሚያለብሱት ራሳቸው ወይዘሮ የሺመቤት ነበሩ። ልጆቹ ይታፈናል ሲሏቸው፣ «እንግዳ ሲመጣ ራቁቱን ይታይ?» ብለው መልሰው ነበር።

ዳንቴሉን አጣጥፈው መሳቢያ ውስጥ ከተቱና በሌላው ሁሉ ተናደዱ፤ በመብራቱ፣ በጠጋኙ፣ በልጆቻቸው። ሠርጉ አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ዓይናቸውም ደክሟል። «ይህን ሠርግ የሚያወጣልኝ ልጅ የሱቁን ቁልፍ ይረከባል» አሉ።

አስናቀ በየቅዳሜው ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለውን ሁሉ ወደ ፍላሽ ገልብጦ በአንገቱ ያንጠለጥል ነበር። እህትና ወንድሙ «ክታብህን አትርሳ» እያሉ ሲስቁበት ኖረዋል። አሁን ተውሶ ባመጣው ኮምፒውተር ላይ ሲሰካው፣ የዘጠኝ ዓመት የጥልፍ ንድፍ አንድም ሳይጎድል ወጣ። የሰኞዎቹ አርባ ሰዎች ግን አልነበሩበትም፤ ቅዳሜ መቼ ደረሰ።

ትርንጎ ማንንም ሳታስፈቅድ ሃርድ ዲስኩን በሻሽ ጠቅልላ አዲስ አበባ ሄደች። ባለሙያው፣ ከነካካሁት ጭራሽ ሊጠፋ ይችላል አላት። «ንካው» አለችው። ሦስት ቀን ከደጁ ሳትነሳ የሃያ ሁለት ሰው ልክ ይዛ ተመለሰች። ተለክተው ወደ ገጠር የተመለሱት፣ ስልክ እንኳ የማይደርሳቸው ዘመዶች ልክ ሁሉ ከዚያ ውስጥ ተገኘ።

ልዑል እህቱን አልጠበቀም። ሜትርና ደብተር ይዞ ከተማ ያሉትን ቤት ለቤት እየዞረ እንደገና ለካ። የሙሽራው አጎት «ልጄ፣ ከሰኞ ወዲህ ወፈርኩ እንዴ?» ቢሉት እውነቱን ነገራቸው፤ ለጠየቀው ሁሉ ነገረ። የጎደሉት አሥራ ስምንት ሰዎች በእሱ ደብተር ተሟሉ። ወሬው ግን ተዛምቶ ሁለት ሌሎች ሙሽሮች መጥተው ጨርቃቸውን ወሰዱ።

ልብሱ በሠርጉ ዋዜማ ደረሰ፤ ጠቡም ያኔ ጀመረ።

«ከአደጋው በፊት ያሰብኩ እኔ ብቻ ነኝ» አለ አስናቀ።

ትርንጎ፣ በየቀኑ ብትገለብጥ ኖሮ እኔ የሰው ደጅ አልጠናም ነበር አለችው። እሱም፣ ባለሙያው ቢያበላሸውስ ምን ትይ ነበር ሲል መለሰላት።

«እናንተ ማሽን ስታባብሉ፣ እኔ ሰው ፊት ቆምኩ» አለ ልዑል።

«ቆመህ ገመናችንን ዘረገፍክ» አለችው እህቱ።

ወይዘሮ የሺመቤት ቁልፉን ወደ አንዱ ሲዘረጉ የሌላው እውነት እጃቸውን ይይዘዋል። በመጨረሻ መሳቢያውን ከፍተው ዳንቴሉን ጠረጴዛው ላይ ጣሉት፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ተናገሩ።

«እናውቃለን፣ እማዬ» አለ አስናቀ።

ሦስቱም ከሐሙስ ጀምረው ያውቁ ኖሯል፤ ሲጣሉ እንኳ አንዱም ትንፍሽ አላለም። እሳቸውን ይበልጥ ያናደዳቸው ይኼ ነው። አንዱ ባወራ ኖሮ ቁልፉን ለእሱ መከልከል ይቀል ነበር።

ቁልፉ አሁንም እጃቸው ላይ ነው፤ ሌላ ሙሽራ ደግሞ ልለካ ብላ በር ላይ ቆማለች። እናንተ ሰሚዎች፣ ቁልፉ የሚገባው ለማን ነው? አስቀድሞ ለገለበጠው፣ ከሞተው ዲስክ ላወጣችው፣ ወይስ ከዜሮ ለጀመረው?