የአያ ልየው እፍኝ እሸት

ተረት ብላችሁ ስሙ፤ ፍርድ ብላችሁ ያዙ።

አያ ልየው የሚባሉ አረጋዊ ነበሩ። ክረምቱ ሲወጣ፣ ጥቁሩ አፈር ርጥበቱን ሳይለቅ፣ በጓሯቸው ሽምብራ በእጃቸው ዘሩ። ሽምብራው በጤዛ አደገ፤ ቅጠሉ ጨው ጨው አለ፤ ፍሬው በቅርፊቱ ውስጥ ሞላ። ዘሪው ግን በሕማም ወደቁ። እህል ከአፋቸው ራቀ፤ ጥርሳቸውም ካለቀ ቆይቷል። አንድ ማለዳ የልጃቸውን ሚስት አንጓችን ጠሩ።

«ልጄ፣ ከዚያ ሽምብራ አንድ እፍኝ እሸት አምጪልኝ። ለስላሳውን በድዴ አሽቼ ልዋጥ። ከዚህ ዓለም ሌላ ያማረኝ የለም» አሏት።

«አባቴ፣ በኩራቱ ለቤተ ክርስቲያን ሳይገባ ለሰው አፍ እንዴት እቀጥፋለሁ? ይህን ሕግ ያስተማሩን እርስዎ አይደሉም?»

«እኔ ነኝ። እንግዲያው ፈጠን በይ። እግዜር አይቸኩልም፤ የምቸኩል እኔ ነኝ።»

አንጓች እሸት አትቀጥፍ፤ የአያ ልየው አፍ አይረጥብ። ፀሐይ ግን ሥራዋን አትተው፤ ሽምብራውን ከላይ ታየዋለች።

አንጓች ወደ ደብሩ ቄስ ወደ መምሬ ላቀው ሄደች። «መምሬ፣ በኩራታችንን ይባርኩልን፤ አማቴ እሸት አምሯቸው ተኝተዋል» አለች።

«መልካም አሰብሽ። ነገር ግን በኩራት በቤተ መቅደሱ ደጅ እንጂ በመንገድ አይባረክም። ደጁን ከፍተው መባውን የሚቀበሉ ቄሰ ገበዙ ናቸው። እርሳቸው ይክፈቱ፤ እኔ እባርካለሁ። ከሄዱበት እሑድ ይመለሳሉ።»

መምሬ በኩራት አይባርኩ፤ አንጓች እሸት አትቀጥፍ፤ የአያ ልየው አፍ አይረጥብ። ፀሐይ ግን ሥራዋን አትተው፤ የሽምብራውን ጫፍ ታወይበዋለች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቄሰ ገበዙን አገኘቻቸው።

«ቁልፉ ይኸው ወገቤ ላይ ነው» አሉ። «ነገር ግን ከጎረቤታችሁ ከጓንጉል ጋር ተጣልታችኋል። በሬው አምና ጓሯችሁን ከጋጠ ወዲህ ሰላምታ የላችሁም። ጌታስ መባህን በመሠዊያው ፊት ተወው፣ አስቀድመህ ከወንድምህ ታረቅ ብሎ የለምን? ታርቃችሁ ኑ።»

«አባቴ፣ ሰውየው እኮ እየሞቱ ነው!»

«ለሚሞት ሰውስ ዕርቅ ይበልጥ አያስፈልገውምን?»



ቄሰ ገበዙ ደጅ አይከፍቱ፤ መምሬ በኩራት አይባርኩ፤ አንጓች እሸት አትቀጥፍ፤ የአያ ልየው አፍ አይረጥብ። ፀሐይ ግን ሥራዋን አትተው፤ የሽምብራውን ቅጠል ታረግፈዋለች።

ጓንጉል ቆላ ወርዶ ነበርና እስኪመለስ ተጠበቀ። በመጣም ጊዜ በሬውን ውኃ ሲያጠጣ ደረሰችበት።

«ዕርቅ?» ብሎ ሳቀ። «ሽምብራችሁ የበሬዬን ሆድ ነፍቶ ሊገድልብኝ ነበር፤ ካሳ የሚገባውስ ለእኔ ነው!» ቀጥሎም ሳቁን ተወ። «አማትሽ በሬህ ቀንበር አይልመድ ብለው ረግመውኛል። ይኸው ቀንበር ባየ ቁጥር ይተኛል። ርግማኑን በአፋቸው ይፍቱልኝ፤ እግራቸው ላይ እወድቃለሁ።»

«እንግዲያው ና፣ አሁኑኑ እንሂድ።»

«ሳልጠራ? ምን ቆርጦኝ!»

ጓንጉል አይታረቅ፤ ቄሰ ገበዙ ደጅ አይከፍቱ፤ መምሬ በኩራት አይባርኩ፤ አንጓች እሸት አትቀጥፍ፤ የአያ ልየው አፍ አይረጥብ። ፀሐይ ግን ሥራዋን አትተው።

አንጓች ወደ ቤት ሮጣ በአልጋው ራስጌ ተንበረከከች። «አባቴ፣ የጓንጉልን ርግማን ይፍቱለት።»

አያ ልየው ዐይናቸውን ገለጡ። «ርግማን? እርሱንማ ያኔ ማታውኑ አንስቼዋለሁ፤ ቂም ይዤ ተኝቼ አላውቅም። ማን ጠየቀኝ? ሂጂ፣ እግዚአብሔር ይፍታህ ብለውሃል በዪው። በሬውም ይረስለት።»

ያን ጊዜ ሰንሰለቱ ተፈታ። አያ ልየው ርግማኑን ቢፈቱ ጓንጉል ታረቀ፤ ጓንጉል ቢታረቅ ቄሰ ገበዙ ደጅ ከፈቱ፤ ቄሰ ገበዙ ደጅ ቢከፍቱ መምሬ በኩራቱን ባረኩ፤ መምሬ ቢባርኩ አንጓች ወደ ጓሮ ገብታ አንድ እፍኝ ቀጠፈች። ፀሐይ ግን ሥራዋን ከሁሉ አስቀድማ ጨርሳ ነበር።

እፍኙን በመዳፋቸው ላይ አፈሰሰችው፤ እንደ ጠጠር ተንኳኳ። አያ ልየው አንዱን ፍሬ በድዳቸው ሞከሩት፤ መልሰው አወጡና አዩት።

«ልቁላልዎት፣ አባቴ? ልፍጭልዎት?»

«እኔ እሸት ነበር ያልሁሽ።» ፍሬውን ወደ እፍኙ መለሱት። «ተይው፣ አታልቅሺ። ይህ የእኔ እህል አይደለም፤ የለቀስተኛ ነው። ከአሁኑ ዘፍዝፊው።»

የጌታ ደቀ መዛሙርት በሰንበት በእርሻ መካከል ሲያልፉ ርቧቸው እሸት ቀጠፉ። ከሳሾች ቢነሡባቸው ጌታ ራሱ ተሟገተላቸው፤ «ሰንበት በእንተ ሰብእ ተፈጥረት»፣ ሰንበት ስለ ሰው ተፈጠረች አለ። ይህን ምንባብ በዚያ ደብር የማያውቅ አልነበረም።

ከአያ ልየው ቀብር ሲመለሱ ንፍሮው ቀረበ። ጓንጉል ዘገነ፤ ከጓንጉል ቀጥሎ ቄሰ ገበዙ ዘገኑ፤ ከቄሰ ገበዙ ቀጥሎ መምሬ ዘገኑ። «ደኅና በስሏል» ተባለ። አንጓች ብቻ አልቀመሰችም።

ተረቴን ጨረስሁ፤ እሸት ያላችሁ ሂዱና ቅጠፉ።