ፍልፈልን የከሰሰው አያ ጓንጉል

ተረት ልዝራ? «ዝራ» በሉኝ እንጂ! እንዲያ ነው። ዝም ያለ ልጅ ጆሮው ላይ ምንም አይበቅልለትም።

በድሮ ዘመን፣ ስሙን አያቴ ያልነገሩኝ፣ እሳቸውም ከአያታቸው ያልጠየቁት አንድ አገር ነበር። በዚያ አገር አያ ጓንጉል የሚባል ሰው ከሚስቱ ከማንጠግቦሽና ከልጁ ከትርንጎ ጋር ይኖር ነበር። አያ ጓንጉል ክፉ ሰው አልነበረም። አይሰርቅም፣ አይዋሽም፣ የሰው ድንበር አይገፋም። አንድ አመል ብቻ ነበረበት፤ ሙግት ይወዳል። ጎረቤቱ ቢያስነጥሰው «ወደ እኔ ዞረህ ነው ያስነጠስከው፣ ዳኛ ይየን» ይላል። ዝናብ ቢዘገይ ደመናው ላይ ምስክር ይቆጥራል። ምን ያስቅሻል አንቺ? እኔም በጎልማሳነቴ ለሙግት ሰነፍ አልነበርኩም፤ አያታችሁን ጠይቋት። ይቅር፣ አትጠይቋት።

አያ ጓንጉል ከቤቱ ጀርባ ደህና ጓሮ ነበረው። መሬቱ ላይ ድንችና ጎመን፣ ጥጉ ላይ ደግሞ አንድ የጌሾ ዛፍ። በዚያ አገር ሌላ ጌሾ የለም። ትርንጎ ታጭታ ሠርጓ ስድስት ሳምንት ቀርቶታል። ለድግሱ የሚታረድ በሬ ስለሌለ ወጡ ከዚያ ድንች፣ ጠላውም ከዚያ ጌሾ ነው የሚወጣው። የሙሽራው ወገኖች ደግሞ አፋቸው አይጣል ነው። ድግስ የጎደለበትን ቤት ስም በዘፈን አስገብተው ሰባት ዓመት ያዞሩታል።

ታዲያ አንድ ቀን ማንጠግቦሽ ድንች ልትቆፍር ብትወጣ፣ ጓሮው የአፈር ቁልል በቁልል ሆኗል። የድንቹን ግንድ ሳብ ብታደርገው ሥር አልባ ሆኖ እጇ ላይ ቀረ። ፍልፈል ገብቷል! ጌሾ ልትለቅም ቀና ብትል፣ ቅርንጫፉ ላይ የጨቅላ ራስ የሚያህል የተርብ ጎጆ ተንጠልጥሏል። ቀና ባለችበት አንዷ ግንባሯ ላይ ነደፈቻት።

«አያ ጓንጉል! ዶማውን ይዘህ ድረስ!» ብላ ጮኸች።

አያ ጓንጉል ደረሰ። ዶማውን ግን አልያዘም፤ ጋቢውን ነው ያጣፋው። አፈሩ እስኪነቃነቅ ጠብቆ ቆየና ፍልፈሉ አፍንጫውን ብቅ ሲያደርግ፣ «በሕግ አምላክ! ቁም!» አለው።

በዚያ ዘመን «በሕግ አምላክ» የተባለ ሰው ይቅርና ወንዝ ይቆማል ይባል ነበር። ፍልፈሉም ቆመ። በዚያ ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ የልብሳቸውን ጫፍና ጫፍ ቋጥረው፣ ተቆራኝተው ነው ዳኛ ዘንድ የሚሄዱት። ፍልፈል ልብስ ስለሌለው አያ ጓንጉል የጋቢውን ጫፍ ከኋላ እግሩ ጋር ቋጠረ። ጥቂት እንደሄዱ ፍልፈሉ «እኔ ቀን ዓይኔ አያይም፣ እግሬም አጭር ነው» ቢለው ጊዜ አንሥቶ ታቀፈው።

ማንጠግቦሽ ግንባሯን ይዛ ታያለች። «አንተ ሰው፣ ሌባው እኮ እጅህ ላይ ነው!»

«ያለ ፍርድ?» አለ አያ ጓንጉል ደንግጦ። «እኛ አውሬ ነን እንዴ?»

«በል ሰውዬ፣ ትንሽ ቀስ በል፤ ያወዛውዘኛል» አለው ፍልፈሉ ከብብቱ ሥር።

የዚያ አገር ዳኛ አባ ጉሬዛ ነበሩ። ነጭ ካባቸውን በጥቁሩ ላይ ደርበው ዋርካ ላይ ነው የሚያስችሉት። ባዶ እጅ መቅረብ ነውር ነውና አያ ጓንጉል ከጓሮው አንድ እቅፍ ጎመን እጅ መንሻ አቀረበ። አባ ጉሬዛ ጎመኑን እያኘኩ «ተናገር» አሉት።

«ጌታዬ ዳኛ፣ ይህ ፍልፈል ድንቼን በላ። በልጄ ሠርግ ሊያዋርደኝ ነው።»

ፍልፈሉ እጅ ነሣ። «ጌታዬ ዳኛ፣ ይህ ሰው ሲያርስ ማረሻው ስንት ይገባል? አንድ ክንድ። ከዚያ በታች ያለው ያባቴ ርስት ነው። እኔ ወደ እሱ ቤት አልሄድኩም። ድንቹ ነው ጣራዬን ቀዶ ልጆቼ መኝታ ላይ የወረደው። መክሰስ የሚገባኝስ እኔ ነበርኩ።»

አባ ጉሬዛ ማኘካቸውን አቆሙ። «እህ! ነገሩ ጥልቅ ነው። ቀጠሮ ለሳምንት! አንተ ተከሳሽ፣ ዋስ ጥራ።»

«ዋሴ እመት ተርብ ናት» አለ ፍልፈሉ።

ቃሉ ሳይደርቅ እመት ተርብ ከነሠራዊቷ እየዘመረች መጣች። «ዋሱ እኔ ነኝ። የሚጠረጥረኝ አለ?» የሚጠረጥራት አልነበረም። ለተርብ ዋስትና ማን ማስረጃ ይጠይቃል? ፍልፈሉ ተፈትቶ ወደ ድንቹ ተመለሰ።

አያ ጓንጉል ቤቱ ሲገባ ማንጠግቦሽ ደጃፍ ላይ ጠበቀችው።

«እህስ፣ አያ ጓንጉል? ፍልፈሉስ?»

«ቀርቦ ነበር።»

«ድንቹስ?»

«ቀጠሮ ላይ ነው።»

በሳምንቱ እንደገና «በሕግ አምላክ!» ብሎ ፍልፈሉን ቋጥሮ፣ ታቅፎ፣ ጎመን ይዞ ሄደ። ይህን ጊዜ ዋሷንም ደርቦ ከሰሳት። «ጌታዬ ዳኛ፣ እመት ተርብ ጌሾዬ ላይ ጎጆ ቀልሳ ሚስቴን ነደፈችብኝ።»

እመት ተርብ ክንፏን አራገበች። «እኔ የአየር ነኝ፣ ጌታዬ ዳኛ። አየር ድንበር የለውም። ሴትዮዋ ናት በሄድኩበት ሁሉ ግንባሯን እያመጣች መንገዴ ላይ የምታቆመው።»

«እህ! ነገሩ ጥልቅ ነው» አሉ አባ ጉሬዛ። «ከፍ ያለም ነው። ቀጠሮ ለሳምንት!»

«እህስ፣ አያ ጓንጉል? ተርቧስ?»

«ቀርባ ነበር።»

«ጌሾውስ?»

«ቀጠሮ ላይ ነው።»

በሦስተኛው ሳምንት ፍልፈሉ ለመንገዱ ስንቅ ይዞ ወጣ። ድንች ነበር፤ የማን ድንች እንደሆነ እናንተው ታውቃላችሁ። አያ ጓንጉል ታቅፎት ሲሄድ እሱ ብብቱ ሥር ይገምጣል። አያ ጓንጉል ግን የሚናገረውን በልቡ ሲያሰናዳ አልሰማውም። ዋርካው ሥር ቆሞ አፍ የሚያስከፍት ንግግር አደረገ። ተረት ጠቀሰ፣ ጋቢውን አወናጨፈ፣ ከዘራውን መሬት ላይ ተከለ። መንገደኛ ሁሉ ቆሞ «ይበል!» አለው። ልቡ በደስታ ልትፈነዳ ደረሰች። አባ ጉሬዛም አጨበጨቡለት፤ ከዚያ ቀጠሩት።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ነገሩ ያኔ ከሙግት አልፎ ነበር። ከታች ፍልፈል ይበላል፣ ከላይ ዳኛው ይበላሉ፣ መሃል ላይ አያ ጓንጉል ይናገራል።

በዚያ ቀን ቤቱ ሲገባ ማንጠግቦሽ «እህስ» አላለችውም። ትርንጎ ምሰሶውን ተደግፋ ታለቅሳለች። «እናቴ፣ ጌሾው በዚህ ሳምንት ካልተለቀመ ጠላው አይደርስም። ሰዎቹ ስሜን በዘፈን ሊያስገቡት ነው» ትላለች። አያ ጓንጉል ሰማና አንገቱን ደፋ። ልጁን ይወዳታል፤ የሚወዳትን ያህል ግን ከመናገር ሌላ የሚያውቀው መላ አልነበረውም።

ማንጠግቦሽ ባሏን አየት አደረገችው። ተናደደች፣ ደግሞም አሳዘናት። ከዚያ መጥታ አጠገቡ ቁጭ አለች።

«አያ ጓንጉል፣ ነገርህ የላላው ለምን እንደሆነ ልንገርህ?»

«ሙግት ደግሞ አንቺ ምን ታውቂያለሽ?»

«ምስክር ነው የጎደለህ። አንድ ፍልፈል ብቻ እየያዝክ ትሄዳለህ። የፍልፈል ዘር በሙሉ፣ አሮጊት፣ ሕፃን ሳይቀር ለምን አትጠራም? እመት ተርብንስ ከነልጆቿ፣ አንዲት ሳትቀር? ‹በሕግ አምላክ› ብለህ ጥራቸው። ማን ይቀራል?»

አያ ጓንጉል ዓይኑ በራ። ሠላሳ ዓመት አብረው ሲኖሩ ሚስቱ የሙግት ምክር ስትሰጠው ያ የመጀመሪያዋ ቀን ነበረች። «ማንጠግቦሽ» አላት፣ «አንቺ እኮ ወንድ ሆነሽ ቢሆን ዳኛ ነበርሽ!» ይህን ያለው ሊያሞግሳት ነው፤ እሷም እንደ ሙገሳ ቆጠረችለት።

በቀጠሮው ቀን አያ ጓንጉል ጓሮው መሃል ቆሞ ድምፁ እስኪሻክር ጮኸ፦ «በሕግ አምላክ! ከአፈር በታች ያላችሁ፣ ከአፈር በላይ ያላችሁ፣ ለምስክርነት ውጡ!» ወጡ። አሥራ አንድ ፍልፈል ዓይኑን ጨፍኖ ወጣ። ተርቦቹም ከጎጆው እንደ ጭስ ተግተልትለው ወጡ፤ የምታንቀላፋዋ እንኳ አልቀረችም። አያ ጓንጉል ጋቢውን እንደ ከረጢት ዘርግቶ አሥራ አንዱን ፍልፈል ተሸከመ። ተርቦቹን ከራሱ በላይ አስከትሎ፣ ላቡን እያንጠባጠበ ዳገቱን ወጣ።

ከኮረብታው ወዲያ እንደተሰወረ ማንጠግቦሽ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ተጣራች። ጎረቤቶቿን ለደቦ ቀጥራቸው ኖሮ፣ ዶማና መቆፈሪያ፣ ቁናና እንቅብ ይዘው ከየጎጆው ብቅ አሉ። ገሚሶቹ የተረፈውን ድንች ሥሩን እየመነገሉ አወጡ። ከተፈራው በላይ ተርፎ ነበር፤ ፍልፈሎቹ ሙግቱ ቶሎ አያልቅም ብለው ለከርሞ ያኖሩትን ጭምር ከየጓዳቸው ጎልጉለው አወጡባቸው። ገሚሶቹ ጌሾውን እስከ ጫፉ ለቀሙ። ትርንጎ ራሷ ረጅም ዘንግ ይዛ ባዶውን የተርብ ጎጆ ገፋ አድርጋ ጣለችውና ኩበት እሳት ውስጥ ጨመረችው። በመጨረሻም በየጉድጓዱ ድንጋይና የቀጋ እሾህ ጠቅጥቀው፣ እየዘፈኑ አፈሩን በእግራቸው ደለደሉት። ፀሐይ ሳያዘቀዝቅ ጓሮው እንደ አውድማ ለጥ አለ።

ዋርካው ሥር ደግሞ ያን ሁሉ ምስክር ያዩ አባ ጉሬዛ ደነገጡ። ይህን ሁሉ በቀጠሮ መመለስ አይሆንላቸውም። ጉሮሯቸውን ጠረጉና ፈረዱ፦

«ከአፈር በታች ያለው ሁሉ ለፍልፈል ይሁን። በአየር ላይ ያለው ሁሉ ለእመት ተርብ ይሁን። አያ ጓንጉል ደግሞ ከሁለቱ መሃል የሚያገኘውን ይውሰድ።»

ፍልፈሎቹ እልል አሉ። ለአያ ጓንጉል ግን ያ ሁሉ ተረት፣ ያ ሁሉ ከዘራ ምን ሆነለት? ባዶ ጋቢውን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ቁልቁለቱን ሲወርድ እንባው መጣ። «ልጄን እኔው ራሴ አዋረድኳት» እያለ አለቀሰ። አትሳቁ። የሚያስቅ ሰው ሲያለቅስ አይሳቅም።

ፍልፈሉ ፍርዱን ይዞ ቀድሞት ደርሶ ነበር። ወደ ቤቱ ሊገባ አንዱን ጉድጓድ ቢነካ እሾህ፣ ሌላውን ቢነካ ድንጋይ። በጎን ሰርስሮ ገባና ከላይ እስከ ታች ቢያስስ የድንች ሽታ እንኳ የለም። ወጣና «በሕግ አምላክ!» አለ።

«ቆምኩ» አለች ማንጠግቦሽ። በአንድ እጇ ዶማ ይዛለች።

«ከአፈር በታች ያለው የእኔ ነው ተብሎ ተፈርዶልኛል!»

«እሰይ! ታዲያ ግባና ውሰደው፤ ማን ከለከለህ?»

«ድንቹስ?»

«ድንቹማ ከአፈር በታች የለም። ጎታ ውስጥ ነው። ስለ ጎታ ተፈርዷል?»

ፍልፈሉ አሰበ፣ አሰበ፤ አልተፈረደም። «ይግባኝ እላለሁ!»

«በል እንግዲያ ዋስ ጥራ።»

ፍልፈሉ ወደ እመት ተርብ ዞረ። እመት ተርብ ባዶውን የጌሾ ቅርንጫፍ ስትዞር ነው የቆየችው። «የአንተ ዋስ ብሆን ቤቴን አጣሁ» አለችና ልጆቿን ሰብስባ ማዶ ጫካ ገባች።

«ዋስ የሌለው ከባላጋራው ጋር ይቆራኛል፤ የአገሩ ወግ ነው» አለች ማንጠግቦሽ። የነጠላዋን ጫፍ በአንድ እጇ፣ ዶማውን በሌላ እጇ ይዛ ቀረበች። «ና፣ እግርህን አምጣ። እኔ ግን አላቅፍህም።»

ፍልፈሉ ቀን ዓይኔ አያይም ይል አልነበር? ዶማውን ደህና አድርጎ አየው። ዘመዶቹን አስከትሎ፣ በዚያ አጭር እግሩ ወንዝ ተሻግሮ ጠፋ።

አያ ጓንጉል የደረሰው ይሄኔ ነው። የተደለደለውን ጓሮ፣ የሞላውን ጎታ፣ ጌሾ የምትወቅጥ ልጁን አየ። እንባውን በጋቢው ጠረገ።

«እህስ፣ ማንጠግቦሽ? ድንቹስ?»

«ቀርቧል።»

«ቀጠሮስ?»

«ለሠርጉ ነው።»

ሠርጉም ደረሰ። ወጡ ተትረፈረፈ፣ ጠላው ጉሽ ሳይሆን ጠርቶ ወጣ። የሙሽራው ወገኖች አፋቸውን ሞልተው የትርንጎን ስም ዘፈን ውስጥ አስገቡት፤ ለምስጋና ነው ያስገቡት። አንዱ እንግዳ ዋንጫውን ይዞ «አያ ጓንጉል፣ ያ የፍልፈል ሙግት እንዴት ሆነልህ?» አለው።

አያ ጓንጉል ጢሙን አሸት አደረገ። «ረታሁ!»

«ማን ረታ?» አለች ማንጠግቦሽ ከጓዳ።

አያ ጓንጉል ወደ ጓዳው ዞር አለ። ከዚያ «ረታችልኝ» አለ፣ ቀስ ብሎ።

ይኸው ነው። እኔ ተረቱን ዘርቻለሁ፤ እናንተ አጭዳችሁ ብሉ። ከአጨዳው ግን አንዷን ቃል ለዘር አስቀሩልኝ፦

ለፍልፈል ዶማ እንጂ ዳኛ አይበጀውም።