ጀርባውን ለወንዙ የሰጠው አግዳሚ

«በስህተት የተተከለ መስሎዎት ነው» አሉ ማዳም ሶላንዥ፣ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው የዋልነት ፍሬ እየሰበሩ። «ሁሉም እንደዚያ ይመስላቸዋል። ባለፈው በጋ አንድ ሰውዬ አዙሬ ልትከለው ብሎ ታግሎ ወገቡን ይዞ ሄደ።»

ትርሲት ሳቀች። ከሳቀች ቆይታ ነበር። በተከራየችው መኪና ብቻዋን የፈረንሳይን የገጠር መንደሮች ስትዞር ሰንብታለች፤ በየደረሰችበት ጥንዶች ስልካቸውን እያቀበሉ ፎቶ አንሺን ይሏታል፣ ላንሳሽ ያላት ግን አልነበረም።

ቪዬሮሽ ከገደል አናት ላይ የተንጠለጠለች መንደር ናት። አንድ ጠባብ መንገዷ ሲያልቅ ገደሉ ይጀምራል፣ ከገደሉ ሥር ወንዙ ታጥፎ ከዓይን ይሰወራል፤ ይህን ለማየት ሰው ከሩቅ ይመጣል። አፋፉ ላይ አንድ የድንጋይ አግዳሚ ወንበር አለ። ነገር ግን ጀርባውን ለወንዙ፣ ፊቱን ለመንደሩ ሰጥቶ ስለተተከለ፣ የተቀመጠበት ሰው የሚያየው የሰው በራፍ ነው።

ሌላም ነገር ነበር። ነፋሱ እንደዚያ ፊት እየገረፈ የማዳም ሶላንዥ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል።

«አይበርድዎትም?»

«ይበርደኛል። ልጄ ሬሚ መርከበኛ ነው፤ ከሄደ ዓመታት አልፈዋል። እሱ እስኪመጣ በቀን አይዘጋም።»

ከዚያ የአገሩ ሽማግሌዎች እንደሚያወሩት አድርገው ነገሯት።

*

እንደሚነገረው፣ በድሮ ዘመን የቪዬሮሽ ወንዶች ጀልበኞች ነበሩ። ወንዙ ሲሞላ የጫካ እንጨትና የወይን በርሜል በጠፍጣፋ ጀልባ ጭነው ቁልቁል ይወርዳሉ፤ ወንዙ ሽቅብ የሚመልስ አልነበረምና፣ ወደቡ ሲደርሱ ጀልባውን ራሱን አፍርሰው፣ ሳንቃውን ሸጠው፣ በትር ቆርጠው፣ ከመንደሩ ጀርባ ባለው መንገድ በእግራቸው ይመለሱ ነበር ይባላል። የተመለሰ ሰው በትሩን ለሚስቱ ይሰጣል፣ እሷም በጉልበቷ ሰብራ እሳት ውስጥ ትጨምረዋለች። በዚህ ዓመት ዳግመኛ አትሄድም ማለት ነው።

በሩም ሕግ ነበረው። ሰው የሚጠብቅ ቤት በቀን አይዘጋም። ፀሐይ ሳለች የተዘጋ በር፣ እዚህ የሚጠብቅህ የለም፣ ወይ ሞታለች ወይ ሌላ አግብታለች ማለት ነበር። ያን ያየ መንገደኛ አያንኳኳም፣ አይጠይቅም፣ ይመለሳል። መርዶውን ማንም አፍ አውጥቶ እንዳይነግረው ታስቦ ነው ይላሉ፤ ደግነት ነበር።

ፔሪን የምትባል ሴት ነበረች፤ ከሜዳው አገር፣ በር ክፍት ከተተወ ዝይና አሳማ ገብቶ ማድቤቱን ከሚያተራምስበት፣ ኦባን የሚባል ጀልበኛ አግብቷት የመጣች። ለእሷ በር መዝጋት የባለሙያ ሴት ወግ ነው። የመንደሩን ሕግ የነገራት አልነበረም፤ ሁሉም የሚያውቀውን ነገር ማን ይናገራል? ሠርጓ በተበላ ሰሞን ወንዙ ሞላ፣ ኦባንም ወረደ። ፔሪን አፋፉ ላይ ቆማ ጀልባው ከመታጠፊያው ሲሰወር አየች።

ሌሎቹ ተመለሱ። ኦባን አብሯቸው አልነበረም። ወደቡ ላይ በንዳድ ወድቆ ትተውት እንደመጡ፣ ሲሻለው እንደሚከተላቸው ነገሯት። ካልተሻለውስ ብላ ለመጠየቅ አፏ እምቢ አላት።

ከዚያ ወዲያ ቤቷን ጠርጋ፣ በሯን ዘግታ፣ አፋፉ ላይ ካለው አግዳሚ መዋል ሆነ ሥራዋ። አግዳሚው ያን ጊዜ ፊቱ ወደ ወንዙ ነበር። ውኃ ቀድተው የሚመለሱ ሴቶች ሲያልፉ፣

«ፔሪን፣ ወንዙ ሽቅብ ሲፈስ ጥሪን እስቲ፣ እኛም እንይ» ይሏት ነበር።

በመንገድ እንደሚመጣ ጠፍቷት አልነበረም። መጨረሻ ያየችው ግን እዚያ መታጠፊያ ላይ ነው፤ ዓይኗ ከዚያ አልነቀል አላት። የተዘጋውን በር ሴቶቹ ሁሉ አይተዋል። አንዷ፣ ሌላዋ ትነግራታለች ብላ አለፈች። ሌላዋ፣ ተስፋ ቆርጣ ዘግታው ይሆናል፣ የሰው ቁስል ምን አስነካኝ ብላ አለፈች።

ወይን በሚለቀምበት ሰሞን፣ ሰው ሁሉ ወደ እርሻው ወርዶ መንደሩ ጭር ባለበት ቀን፣ ኦባን መጣ። ንዳዱ አመንምኖታል። በትሩን ተደግፎ ዳገቱን ወጣ። በሩ ተዘግቷል። ፀሐይ ከጭስ ማውጫው በላይ ናት።

እጁን ለማንኳኳት አንስቶ ነበር ይላሉ። ያገሩ ልጅ ነውና መልሶ አወረደው። በትሩን፣ ሳይሰበር እንዳለ፣ በሩ ላይ አስደግፎ በመጣበት ተመለሰ። ሚስቱ ቢጣራ በምትሰማበት ርቀት ላይ፣ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ወንዙን ታይ ነበር።

ያየው አንድ ሰው ብቻ ነው ይባላል፤ ከመንገዱ ማዶ፣ መስኮት ሥር፣ አልጋ ላይ የሚውለው ሽማግሌው ፊርማን። ፔሪን አመሻሽ ላይ ስትመለስ በትሩን አገኘች። በደስታ ገብታ ጓዳውን አየች፣ ጓሮውን አየች፣ ጠራች። መልስ ስታጣ ወደ ፊርማን መስኮት ሮጠች።

«በርሽ ተዘግቶ አገኘው» አላት። «ጠራሁት፣ ልጄ። ድምፄ መንገዱን አልሻገር አለኝ።»

«ቢዘጋስ? እጅ የለውም? ለምን አላንኳኳም?»

ሽማግሌው አለማወቋን ያን ጊዜ ነው ያወቀው። ከዚያ የበሩን ሕግ ነገራት፤ ለፔሪን መጀመሪያ የነገራት ሰው እሱ ነው ይባላል።

መንገዱን ይዛ ሮጠች። መስቀለኛው መንገድ ድረስ ሮጠች። ከዚያ ወዲያ በየትኛው እንደሄደ የሚነግራት አልነበረም። ወደ ባሕር ወርዷል የሚሉ አሉ፣ ሳይርቅ ንዳዱ ጣለው የሚሉም አሉ፤ አይቼዋለሁ ያለ ግን የለም።

በትሩን አልሰበረችም። በነጋታው የመንደሩን ሰው ጠርታ አግዳሚውን አዙሩልኝ አለች። ለምን ያላት አልነበረም። አይተው ያለፉት ሴቶችም ከወንዶቹ ጋር ሆነው ድንጋዩን ገፉ ይባላል። ፔሪን ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊቷን ወደ በሯ አድርጋ፣ በሯን ከፍታ፣ እዚያው አረጀች። በክረምት በረዶው እየገባ ወለሏ ላይ ይቀመጥ ነበር፣ የጎረቤት ዶሮም እንደ ባለቤት ይመላለስ ነበር ይላሉ። ስትሞት በጠራራ ፀሐይ ጎረቤቶቿ በሯን ዘጉላት።

ከዚያ ወዲህ የቪዬሮሽ ሰው ወንዙን ቆሞ ያያል እንጂ ተቀምጦ አያይም። መቀመጥ መጠበቅ ነው፤ የሚጠበቅ ሰው ደግሞ በመንገድ ነው የሚመጣው።

*

«ሬሚስ መቼ ይመጣል?» አለች ትርሲት።

ማዳም ሶላንዥ የዋልነቱን ቅርፊት ከቀሚሳቸው ላይ አራገፉ።

«መንገዱን ያውቀዋል» አሉ።

ትርሲት አመስግና ወደ አፋፉ ሄደች። ከአግዳሚው ጀርባ እንግዶች እየሳቁ ወንዙን ፎቶ ያነሳሉ። አንዱ ስልኩን ሊያቀብላት መጣና ፊቷን ሲያይ ተወው። ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። ቀዝቃዛ ነበር። ከፊቷ መንገዱ፣ ከመንገዱ ዳር ክፍቱ በር፣ በበሩ ውስጥ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ሰማያዊ የመርከበኛ ካፖርት።

አሮጊቷ ደጃፋቸውን ጠረጉ። ወንበራቸውን አስገቡ። ተመልሰው ወጡና የበራቸው መድረክ ላይ ቆመው መንገዱን ቁልቁል አዩ፤ ብዙ አዩ። ትርሲት ቀና አለች። ፀሐይ ገና ከጭስ ማውጫው በላይ ናት።

ማዳም ሶላንዥ ገቡ። በሩ ተዘጋ።