ያልወጣው እንቁላል

አንድ ጊዜ እመት ቀበሮ ከማሰሮ ሥር እሳት አያያዘችና አህያን ለሦስተኛ ጊዜ «በል ድገምልኝ» አለችው።

አህያ ደገመ። «ማሰሮው ውስጥ ያለው የአመድ ውሃ ነው። እንቁላሉ ከሥሩ ተቀምጧል። ካልወጣ ማገዶ እጨምራለሁ። ወጥቶ ከተንሳፈፈ እሳቱን አጠፋለሁ።»

«ለምን ይወጣል?»

«ውሃው በእንፋሎት ይሄዳል፤ የአመዱ ኃይል ግን እዚያው ይቀራል። ውሃው ባነሰ ቁጥር ይበረታል። ሲበረታ እንቁላሉን ወደ ላይ ይገፋዋል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ አንቺ ሞራ ትጨምሪበታለሽ። የአመድ ውሃና ሞራ ሲገናኙ የቀድሞ መልካቸውን ትተው ሳሙና ይሆናሉ።»

«ጎሽ» አለችና ሞራ ልትፈልግ ወደ መንደር ወረደች። ሙያውንም የቀሰመችው እዚያው መንደር፣ ከአንዲት ሳሙና ሠሪ አጥር ሥር ተኝታ ነው።

አህያ ብቻውን ቀረ። ሥራው ከባድ አልነበረም። ከተበላሸ ግን የሚበላው እሱ ነው። አንበሳ እከክ ይዞት ጎፈሩን ሲያክክ ይውላል፣ ሲያክክ ያድራል። አህያ ደግሞ ከጌታው ጠፍቶ ጫካ የገባ ሰሞን ነው። ጅብ «ለእኔ ይሰጠኝ» ብሎ ቢከስ፣ ቀበሮ ደግሞ «አህያው ይርዳኝና ለእከኩ ሳሙና ልሥራ» ብትል፣ አንበሳ እንዲህ ሲል ፈረደ፦ ዛሬ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሳሙና ከቀረበ አህያው ይኑር፤ ካልቀረበ ጅብ ይውሰደው።

አህያ ማገዶ ሊለቅም ዞር ሲል አያ ጅቦ ከቁጥቋጦው ወጣ። ሳሙናውን ላበላሽ ብሎ አይደለም፤ ያን ያህል አያስብም። እንቁላል ሸቶት ነው። ማሰሮው ገና ለብ ማለቱ ነበር። ዓይኑን ጨፍኖ ፊቱን እስከ ጆሮው ነከረ። እንቁላሉን ከነቅርፊቱ ዋጠ። ከዚያ ሄዶ ፀሐይ ላይ ተጋደመ። ትናንት ማታ የሰባ በሬ በልቶ ነበርና ስቡ ከፊቱ ላይ አልጠራም፤ ታጥቦም አያውቅም።

አህያ ተመለሰ። ማሰሮውን አየ። እንቁላሉ አልወጣም። ማገዶ ጨመረ።

ደግሞ አየ። አልወጣም። ጨመረ።

«ኧረ ጨምር፣ አህያዬ!» አለው ጅብ ከተጋደመበት። «ግን እንዲህ አትሩጥ። ሥጋህ ይጠነክርብኛል።»

አህያ ዓይኑን ከማሰሮው አላነሣም። ውሃው ከማሰሮው አንገት ወደ ሆዱ፣ ከሆዱም ወደ ታች ወረደ። ይህን አይቷል። ነገሩም ግራ ገባው። ነገር ግን የታዘዘው እንቁላሉን እንዲያይ እንጂ ውሃውን እንዲያይ አልነበረም። እንቁላሉ አልወጣም፤ ስለዚህ ጨመረ። ጫካው ውስጥ ያለውን ደረቅ እንጨት ሊጨርሰው ምንም አልቀረው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቀበሮ ሞራዋን በአፏ ይዛ መጣች። ማሰሮውን ስታይ ሞራው ከአፏ ወደቀ።

«ውሃው የት ሄደ?»

«ሄደ። እኔ እንቁላሉን ነው ጠብቅ የተባልኩት።»

«እንቁላሉስ?»

«አልወጣም።»

ቀበሮ በእንጨት አማሰለች። ከሥሩ ጭቃ የመሰለ ዝቃጭ እንጂ ሌላ የለም።

«እንቁላል የለም እኮ! አንተ ሞኝ፣ የሌለ እንቁላል እስኪወጣ ቀኑን ሙሉ ስታነድ ዋልክ?»

«ከሌለ ምን እንደማደርግ አልነገርሽኝም» አለ አህያ።

ቀበሮ ስድቡን ትታ የወደቀውን ሞራ አነሣች። እውነቱን ነው።

በዚህ መሐል አንበሳ ጎፈሩን እያከከ ደረሰ። ጅብም ተነሥቶ ምራቁን ዋጥ አደረገ።

«ሳሙናዬስ?» አለ አንበሳ።

«የለም፣ ጌታዬ!» አለ ጅብ ተሽቀዳድሞ። «ፀሐይዋም ተራራው ጫፍ ላይ ነች። ከየትኛው እግሩ ልጀምር?»

«ጌታዬ፣ የሄደው ውሃው ብቻ ነው» አለች ቀበሮ። «ውሃ ቢጨመርበት ይመለሳል። ጥቂት ጊዜ ይስጡን። እንቁላሉን አንዱ ወስዶብን ነው።»

«ማን?»

«አህያው በላው» አለ ጅብ።

«አህያ እንቁላል ይበላል?»

«ሲርበው።»

አህያ ቀኑን ሙሉ የታዘዘውን ብቻ ሲሠራ ውሏል። አሁን ግን የሚያዘው ጠፋ። ቀበሮ ጅራቷን እያየች ነው፤ ጅብ የአህያውን እግር እያየ ነው። አህያ ራሱ ተናገረ።

«ጌታዬ፣ እንቁላሉ የነበረው ከማሰሮው ሥር ነው። የወሰደው ፊቱን የአመድ ውሃ ውስጥ ነክሯል። ሁላችንም ፊታችንን እንታጠብና ይመልከቱን።»

«ስትታጠቡ ምን አያለሁ?» አለ አንበሳ።

«ሥጋ በል ፊቱ ስብ አያጣም። ስብና የአመድ ውሃ ከተገናኙ የሚሆኑት አንድ ነገር ነው።»

ቀበሮ ቀና ብላ አየችው። ቶሎ ብላ በቅል ውሃ አመጣችና ቀድማ ታጠበች። ምንም የለም። አህያ ታጠበ። አቧራ ወረደ።

«እኔ እንኳ መታጠብ አይስማማኝም» አለ ጅብ። «ከአባቴ ጀምሮ በቤታችን የታጠበ የለም።»

«ዛሬ ከአንተ ይጀምራል» አለ አንበሳ።

ቀበሮ ውሃውን በላዩ ደፋችበት። ጅብ ፊቱን ሁለቴ አሸት ቢያደርገው ነጭ አረፋ ከአፍንጫው ተነሥቶ እስከ ጆሮው ደረሰ። ሊክድ አፉን ሲከፍት ከዚያም አረፋ ወጣ።

አንበሳ አልተቆጣም። ጠጋ ብሎ አሸተተው። ከዚያ ጅብን ማጅራቱን ይዞ ፊቱን በጎፈሩ ላይ ወዲያና ወዲህ ይፈትገው ጀመር።

«ቀስ! ኧረ ጆሮዬን!»

«ዝም በል» አለ አንበሳ። «ሳሙና አያወራም።»

ቀበሮ ውሃ ታፈሳለች፤ አንበሳ ይፈትጋል። ጎፈሩ ጠራ። አንበሳ ራሱን አራገፈና ቆመ። ለማከክ እግሩን አነሣ፤ የሚያክከው አጣና መልሶ አወረደው። ጅብን ሲለቀው ጅብ ጥግ ይዞ ያስነጥስ ጀመር።

ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። አንበሳ ወደ አህያ ዞረ።

«ሳሙናው በጊዜው ቀርቧል፤ ኑር። ሌላ ጊዜ ግን ነገሩ ግራ ሲገባህ ና ጠይቀኝ። የሚጠይቀኝን አልበላም።»

ከዚህ የምንማረው፣ ታዛዥ አህያም ይሁን ኮምፒውተር የተነገረውን ብቻ ስለሚሠራ፣ «ይህ እስኪሆን ቀጥል» ብሎ የሚያዝ ሁሉ «ባይሆንስ?» ለሚለውም መልሱን አብሮ መንገር እንዳለበት ነው።