ሰባት ጊዜ የተጠራው ጅብ

አንድ ጊዜ፣ አንበሳ በሚገዛው ዱር ውስጥ፣ ዝንጀሮዎች ከዛፍ ዛፍ እየተቀባበሉ የሚያስተላልፉት የጥሪ መስመር ነበር። ጎርፍ ሲመጣ ወይም ሰደድ እሳት ሲነሣ ጥሪው ከቤተ መንግሥት ይወጣል፤ የሰማ ይሸሻል። መስመሩ ያልደረሰበት ሸለቆ ብዙ ስለነበር አንበሳ ዐዋጅ አወጣ፦ መስመሩን ወደ አንድ ሸለቆ ላስገባ አንድ ሰንጋ ድጎማ ይሰጠዋል፤ ከነዋሪዎቹ አንዱ ጥሪውን ከሰማ ሸለቆው በሙሉ እንደሰማ ይቆጠራል።

ሥራውን ጅብ ወሰደው። አህያ በምትኖርበት ሸለቆ አፋፍ ላይ አንድ ዝንጀሮ አቆመ። እዚያው ድንጋይ ሥር የሚኖረው ሽኮኮ «ሰምቻለሁ» አለ። «ደርሷል» ተብሎ ተመዘገበ፤ ጅብም ሰንጋውን በላ።

አህያ ያለችው ታች፣ ሣሩ ከሚበቅልበት ከወንዙ ዳር ነው። እዚያ ምንም አይሰማም። ባለፈው ክረምት ጎርፉ ድንገት ደርሶ ውርንጭላዋን ወሰደባት። ዘንድሮ ሌላ ወልዳለች፤ ክረምት ሊገባ ደግሞ የቀረው አንድ ወር ነው።

ስለዚህ ዐዋጁ እንዲሻሻል ረቂቅ ይዛ ጉባኤ ፊት ቀረበች። «ድጎማው የሚሰጠው እያንዳንዱ ነዋሪ በየደጁ ሆኖ ጥሪውን ሲሰማ ይሁን» አለች።

ከጅብ ሰንጋ ጎድን የደረሰው ቀበሮ ተነሣ። «ንጉሥ ሆይ፣ መዝገቡ ደርሷል ይላል። መዝገብ እያለ በአህያ ጆሮ ልንመራ ነው?»

ጅብም ቀጠለ፦ «ይህን የሚያህል ጆሮ ተሸክማ ካልሰማች ጥፋቱ የኔ ነው?»

ጉባኤው ሳቀ። አህያ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀች።

«እውነትዎን ነው አያ ጅቦ፣ የርስዎ ጆሮ ሳይሻል አይቀርም። ነገ እኔ ደጅ ይዋሉ። ንጉሡ አንድ ሰንጋ ጥለው በመስመሩ ያስጠሩዎት። ሰምተው ከመጡ ሰንጋው ለብቻዎ ነው፤ እኔም ረቂቄን አነሣለሁ።»

ቀበሮ የጅብን እግር ረገጠው። ጅብ ግን «ሰንጋ» የሚለውን ከሰማ በኋላ እግር እንዳለውም ረስቷል። «እሺ!» አለ። አንበሳም ተስማማ።

ሲወጡ ቀበሮ ጆሮው ላይ ተጠግቶ «ስማ፣ አንተ ሆዳም፤ ብትሰማም ባትሰማም ረፋዱ ላይ ሰማሁ ብለህ ና» አለው።

«ገባኝ፣ ገባኝ» አለ ጅብ፤ ልቡ ግን ሰንጋው ላይ ስለነበር ምክሩን አልሰማም።

በማግስቱ ጅብ ወንዙ ዳር ወረደ። አህያ ደጇን ለጅብ ለቃ፣ ውርንጭላዋን አስከትላ ቤተ መንግሥት ዋለች። ሰንጋው ተጣለ፤ ጥሪው ወጣ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሰባት ጊዜ። አፋፉ ላይ ያለው ዝንጀሮ ድምፁ እስኪሰልል ጮኸ። ጅብ አልመጣም። ሥጋው ለጉባኤው ተከፋፈለ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጅብ ምራቁን እያዝረበረበ ደረሰ። ከሰንጋው የቀረው ቀንዱ ብቻ ነበር።

«ማን በላው? ለምን ሳትጠሩኝ?» ብሎ ጮኸ።

«ሰባት ጊዜ አስጠርቼሃለሁ» አለ አንበሳ።

«ሐሰት ነው! ቀኑን ሙሉ ጆሮዬን አቁሜ ዋልኩ፤ እዚያ ጉድጓድ የሚደርስ ጥሪ የለም!»

ጉባኤው ወደ አህያ ዞረ።

«የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል» አለ ቀበሮ በለሆሳስ። አንበሳ ረቂቁን የሚደግፍ እግሩን ያንሣ ሲል ግን ቀድሞ ያነሣው እሱ ነበር።

ረቂቁ ጸደቀ፤ ጅብም ያለ አዲስ ድጎማ መስመሩን እስከ ወንዙ እንዲያወርድ ታዘዘ። ክረምቱ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ጎርፉ መጣ። ያገኘው ግን ባዶ በረት ነው፤ አህያና ውርንጭላዋ ጥሪውን ሰምተው ጉብታው ላይ ወጥተዋል።

ከዚህ የምንማረው፣ አንድ ነገር መድረሱን ማረጋገጥ የሚሻ ሰው አድራሹን ከመጠየቅ ይልቅ የመጨረሻው ተቀባይ ደጅ ላይ ቆሞ ማየት እንዳለበት ነው።